እናቴ ስኳር አለባት፣ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ግን አድርጋ አታውቅም። ከየት እንጀምር?

ሳሮን ከሳሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከተገኘባት ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ከአምና ጀምሮ ደግሞ ኢንሱሊን ተጨምሮላታል። ክትትሏ መንግሥት ሆስፒታል ነው። ቀጠሮ የምታሳልፍ ሴት አይደለችም። በጠዋት ሄዳ ካርዷን ታስወጣለች፣ ደም ትሰጣለች፣ ግፊቷን ትለካለች፣ መድኃኒቷን ይዛ ትመለሳለች። ቤት ውስጥ ሁላችንም "እማዬ በሐኪም እጅ ነች" እያልን ነው የምንኖረው።

በቅርቡ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ የጡት ካንሰር ተገኘባት። እሷም የስኳር ታካሚ ነች። እሷም ከሐኪም ቤት ተለይታ አታውቅም። ሲገኝ ግን ወደ ብብቷ እጢዎች አልፏል ተባለ። በዚያ ሁሉ ቀጠሮ አንድ ሰው እንኳን "ጡትሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ አልጠየቃትም። እናቴን ስጠይቃት እሷም ያው ነች፤ ከወሊድ ውጪ ማህፀኗንም ጡቷንም ያያት ባለሙያ የለም።

ስኳር ያለበት ሰው ለካንሰር የበለጠ ይጋለጣል የሚባለው እውነት ነው? በእሷ ዕድሜ የትኞቹ ምርመራዎች ናቸው የሚያስፈልጉት፣ የትኞቹስ ብር ማባከን ናቸው? አንድ የግል ክሊኒክ "ሙሉ የካንሰር ምርመራ በደም" ብሎ ብዙ ብር ጠርቶብናል። ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን "ኢንሱሊን ካንሰር ያመጣል" ብላ ነግራት እናቴ መርፌውን አንዳንድ ማታ መዝለል ጀምራለች፣ ይሄ ከሁሉም በላይ አስጨንቆኛል። ምርመራ እንሂድ ስላት "አንዱ በሽታ ይበቃኛል፣ ያልመጣብኝን አልጠራም" ነው መልሷ። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ።


ሲስተር ከደሴ፦

ሳሮን እህቴ፣ አክስትሽን እግዜር ይማርልሽ።

እኔ ስኳርና ደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ያልሽውን በየቀኑ አየዋለሁ። ክፍላችን በጠዋት ይሞላል። ለአንድ ታካሚ ያለን ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ስኳሩ ይታያል፣ ግፊቱ ይታያል፣ እግሩን ካየንለት ጥሩ ቀን ነው፣ መድኃኒቱ ይታደስና ቀጣዩ ይጠራል። የካንሰር ልየታው፣ ማለትም ምልክት ሳይኖር ቀድሞ የሚደረገው ምርመራ፣ ሌላ ክፍል ነው፣ ብዙ ቦታ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው አይተዋወቁም። ስለዚህ አንዲት እናት ዓመቱን ሙሉ ሆስፒታል ተመላልሳ ልየታ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ ትቀራለች፣ ቤተሰቡም "ክትትል አላት" ብሎ ይተማመናል። ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ሰው ሐኪም ለማየት ከኪሱ በማይከፍልበት ቦታ፣ ስኳር ያለባቸው ሴቶች ሐኪም ዘንድ ከሌሎች ይልቅ እየተመላለሱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ግን ያነሰ እንደሚያደርጉ ጥናት አሳይቷል። ስኳሩ ቀጠሮውን በሙሉ ይበላዋል።

የማህፀን በር ካንሰርን በተመለከተ። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው እሱ ነው። የመንግሥት ፕሮግራሙ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፣ በየ5 ዓመቱ። በጤና ጣቢያ የሚሠራው ምርመራ ቀላል ነው፦ ማህፀን በር ላይ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፣ ያው እንደ ኮምጣጤ ያለ ነገር ነው፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ ነጣ ብሎ የሚታይ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንዘብ አይጠየቅበትም።

እናትሽ ግን 58 ናቸው፣ እዚህ ላይ ልብ በይ። ሴት ካረጠች በኋላ ለውጡ የሚፈለግበት የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ በዓይን የሚደረገው ምርመራ ያን ያህል አያስተማምንም። ለእሳቸው የሚሻለው የኤችፒቪ፣ የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ምርመራ ነው፣ ወይም ፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር ተጠርጎ በማይክሮስኮፕ የሚታየው) በሚሠራበት ቦታ እሱ። የኤችፒቪው ትልቁ ጥቅም ናሙናውን ራሳቸው መውሰድ መቻላቸው ነው። መጋረጃ ጀርባ ገብተው በትንሽ ብሩሽ ይወስዳሉ፣ ማንም አያያቸውም። አልጋ ላይ መውጣት የሚያፍሩ ስንት እናቶች በዚህ መንገድ እሺ እንዳሉ እኔ አውቃለሁ። ሁሉም ቦታ ስለሌለ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። "ዕድሜዋ አልፏል" ብለው ቢመልሱሽ ደግሞ ከዚህ በፊት አንድም ጊዜ ተመርምረው እንደማያውቁ ንገሪያቸው። ከ50 በላይ ሆነው ተመርምረው የማያውቁ ሴቶች አቅሙ ባለበት ሁሉ መታየት እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅትም ይላል።

አንቺስ? 30 ካለፈሽ አብረሽ ግቢ። እናትና ልጅ አብረው ሲመጡ እናትየው እምቢ አትልም፣ ለልጇ ስትል ትገባለች።


ዶክተር ውስጥ ደዌ፦

ሲስተር ስለ ማህፀን በር ያለችው በሙሉ ትክክል ነው። እኔ ወደሌሎቹ ልሂድ።

አዎ፣ ግንኙነቱ እውነት ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ላይ በደንብ ተቀምጧል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ የጉበት፣ የቆሽትና የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር አደጋ እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ነው። የደንዳኔ (የትልቁ አንጀት)፣ የጡትና የሽንት ፊኛ ደግሞ ከ20 እስከ 50 በመቶ ከፍ ይላል። የፕሮስቴት ካንሰር በተቃራኒው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህ ማለት ስኳር ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው አይዘውም። ለእናትሽ ስታስረጂያት ይህንን ቀድመሽ በያት፣ አለበለዚያ ፍርሃቱ ከበሽታው ይብሳል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የሰውነት ክብደት፣ በተለይ ቦርጭ፣ ለሁለቱም በሽታ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ ሰውነት ኢንሱሊንን መስማት ሲያቆም ቆሽት ለዓመታት በጣም ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ሕዋሳትን "እደጉ" የሚል መልእክት የማስተላለፍ ባሕርይ አለው። በደም ውስጥ የሚቆየው ስኳርና ቀስ ብሎ የሚነድደው ብግነትም የየራሳቸውን ድርሻ ያደርጋሉ።

ጎረቤታችሁ ይህንኑ ከሆነ ቦታ ሰምታ ይሆናል "መርፌው ካንሰር ያመጣል" ያለችው። ጥያቄው በሳይንስም ተነስቶ ነበር፣ ስለዚህም ተፈተነ። ከ12,000 በላይ ሰዎች ግማሾቹ ግላርጂን የሚባለውን ኢንሱሊን እየወሰዱ፣ ግማሾቹ ሳይወስዱ፣ ከ6 ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፦ በካንሰር በኩል ልዩነት አልነበረም። መርፌ መዝለል ግን የሚያመጣው ነገር ይታወቃል፤ ዓይን ነው፣ ኩላሊት ነው፣ እግር ነው። እባክሽ ዛሬ ማታ እንዳትዘል። በሌላ በኩል ሜትፎርሚን ካንሰርን ይከላከላል ብለው ተስፋ የሚሰጡም አሉ። መድኃኒቱ ለስኳሩ ጥሩ ነው፣ ለእሱ ትውሰደው፣ በምርመራ ፋንታ ግን አይቆምም።

አሁን ምርመራዎቹ። መርሁ ቀላል ነው፦ ስኳር ያለበት ሰው በዕድሜውና በጾታው ለማንም ሰው የሚመከረውን ምርመራ ያድርግ፣ ግን አያሳልፍ። የተለየ "የስኳር ታካሚ የካንሰር ምርመራ" የሚባል ነገር የለም።

ጡት፦ እህቷ ስለተገኘባት የእናትሽ አደጋ ከሌላው ሴት ከፍ ይላል። ይህን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ንገሪው። በአሜሪካ አሁን ያለው ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት በየ2 ዓመቱ ማሞግራም ነው። እኛ ጋ መሣሪያው በየቦታው የለም፣ አዲስ አበባ ስላላችሁ ግን ታገኛላችሁ። እስከዚያው በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ጡቷና ብብቷ ይታይ። የሚዳሰስ እብጠት ካለ ግን ያ ልየታ መሆኑ ቀርቷል፣ በአልትራሳውንድና በመርፌ ናሙና ቶሎ ማጣራት ነው።

ደንዳኔ፦ በአገራችን ለሁሉም የሚደረግ ፕሮግራም የለም። አሜሪካኖቹ ከ45 ዓመት ጀምሮ ይላሉ፣ ወይ በየዓመቱ በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም መፈለግ፣ ወይ በየ10 ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ደንዳኔን በካሜራ ማየት። የሰገራው ምርመራ ርካሽ ነው፣ ከእሱ መጀመር ይቻላል። ደም ከተገኘ ኮሎኖስኮፒው ግዴታ ይሆናል፣ "ኪንታሮት ነው" ተብሎ አይታለፍም።

ጉበት፦ ይህንን ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔ ግን በጣም አስፈላጊ ነው ባይ ነኝ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ደም ውስጥ አለ፣ ባለቤቱ ግን አያውቅም። ስኳርና ሄፓታይተስ ቢ አንድ ላይ ሲሆኑ ለጉበት መጥፎ ጥምረት ነው። የደም ምርመራው በየላብራቶሪው አለ። አንድ ጊዜ ትመርመር። ካለባት ክትትል ትጀምራለች፣ እንደ ጉበቷ ሁኔታ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ሊታዘዝላት ይችላል። ከሌለባት ክትባት አለ።

ያ የክሊኒኩን "ሙሉ ፓኬጅ" ተይው። ሲኢኤ፣ ሲኤ 125፣ ሲኤ 19-9 የሚባሉት ደም ምርመራዎች ካንሰሩ የታወቀ ሰው ሕክምናው እየሠራለት መሆኑን ለመከታተል ያገለግላሉ እንጂ ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ለመለየት አይደሉም። ሲኤ 19-9 እንዲያውም ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ላይ ያለ ካንሰር ከፍ ሊል ይችላል። አስቢው፣ እናትሽ ያንን ወረቀት ይዛ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደምታጣ። በዚያ ብር ማሞግራሙን አሠሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በእኔ ልምድ ሕይወት የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው። የስኳር ታካሚ ምንም ቢሆን "ስኳሩ ነው" ይባላል። ቤተሰቡ ይላል፣ ታካሚው ይላል፣ እኛ ሐኪሞችም እንላለን። ከሳች፣ ስኳሩ ነው። ደከማት፣ ስኳሩ ነው። ሽንት ቤት አበዛች፣ ስኳሩ ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ስኳሯ ደህና ሆኖ ኪሎ ከቀነሰች ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት ስኳር የጀመረው ወይም የቆየ ስኳሩ ያለ ምክንያት የተበላሸበት፣ አብሮም የሚከሳ ሰው፣ ቆሽቱ ሊታይ ይገባል። ለቆሽት ካንሰር ለሁሉም ሰው የሚደረግ ልየታ የለም፣ ያለን ይህ ንቃት ብቻ ነው። ያረጠች ሴት አንዲት ጠብታ ደም እንኳን ካየች በዚያው ሳምንት ማህፀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ለማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ ካንሰርም ልየታ የለም፣ ግን ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ያ ደም ነው። ሽንት ውስጥ ደም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እነዚህም ቀጠሮ የሚጠበቅባቸው አይደሉም። ደም ማነስም እንዲሁ። ሜትፎርሚን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ስለሚያመጣ ደም ማነሱን ሁሉ ለእሱ እንሰጠዋለን፣ የብረት እጥረት ከሆነ ግን ያረጠች ሴት ወይም ወንድ ላይ ደሙ በአንጀት በኩል እየፈሰሰ ይሆን ወይ ተብሎ ይጠየቃል።


ወንድም ከሐዋሳ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን አንድ ሰው ይህን መናገር አለበት። ቢገኝስ? አማቴ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያየነውን መከራ እኛ ነን የምናውቀው። ጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ሂዱ ተባለ፣ ወረፋው ወራት ነው፣ ቤት ኪራይ ነው፣ ትራንስፖርት ነው፣ ከብት ሸጥን። እናትየዋ "ያልመጣብኝን አልጠራም" ማለቷ ሞኝነት አይደለም። መታከሚያ ለሌለው ሰው ምርመራ ምን ያደርግለታል? በክፋት አይደለም የምጠይቀው፣ የምሬን ነው።


ሲስተር ከደሴ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ያለፋችሁበትም ቀላል አይደለም። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማና ሐረርን የመሳሰሉ ቦታዎችም ጀምረዋል፣ ግን ወረፋው ዛሬም እንዳለ አውቃለሁ። ታካሚ ይዘው ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ይሰጣል፣ ይህን ለሚያነብ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል።

ግን እስቲ ይህንን እይልኝ። አማትህ ላይ የተገኘው ምልክት ካሳየ በኋላ ነው አይደል? ያ ወረፋ፣ ያ ጨረር፣ ያ የከብት ሽያጭ የሚመጣው ዘግይቶ ሲገኝ ነው። ማህፀን በር ላይ ያለው ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተገኘ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል፣ ሴትየዋ በእግሯ ገብታ በእግሯ ትወጣለች። አዲስ አበባ አትሄድም። የጡት ካንሰርም ቢሆን ትንሽ ሳለ ከተገኘ ቀዶ ሕክምናው በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራል። መታከሚያው ሩቅና ውድ በሆነበት አገር ነው እንዲያውም ቀድሞ ማግኘት የበለጠ የሚያስፈልገው። ሆስፒታል በየሰፈሩ ላለው ሰው መዘግየት ያን ያህል አይጎዳው ይሆናል፣ እኛን ግን ይጎዳናል።

እና ለሳሮን እናት የምለው፣ እየፈለጉ ያሉት "ያልመጣውን" መሆኑን ንገሪያቸው። እንዳይመጣ ነው የሚሄዱት። የኩላሊትና የዓይን ምርመራ ለስኳሩ ያደርጉ የለ? ያም ያልመጣ ነገር ነው።


ጋሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ስኳር ካለብኝ ረጅም ጊዜዬ ነው፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ኮሎኖስኮፒ አድርጌያለሁ። ዶክተሩ ካነሳው አይቀር ስለ ዝግጅቱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ ለስኳረኞች ምርመራው ራሱ ቀላል ነው፣ የዋዜማው ቀን ነው ከባዱ።

ከምርመራው በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጠጣር ምግብ የለም። ጠርቶ የሚታይ ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ሻይ ያለ ወተት፣ የተጣራ መረቅ፣ የፖም ጭማቂ፣ ውሃ። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር አይጠጣም፣ ካሜራው ደም ይመስለዋል። ከዚያ አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት ይጠጣል፣ ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ነው። እንግዲህ ምግብ ሳይበላ እንደ ወትሮው ኢንሱሊን የተወጋ ወይም ዳኦኒል የሚባለውን የስኳር ክኒን የዋጠ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያስይዙ ገና "የስኳር ታካሚ ነኝ፣ የምወስደው መድኃኒት ይሄ ይሄ ነው" ብለው ይናገሩ፣ የትኛው እንደሚቀነስ የትኛው እንደሚቆም ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጥ። በራስ ግምት አይሆንም። እነ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር ክኒኖች የሚወስዱ ካሉ ከ3 ቀን አስቀድሞ የማቆም ነገር አለ፣ ሳይበሉ ከቆዩ ደም ውስጥ አሲድ የማከማቸት አደጋ ስላላቸው ነው። በየሳምንቱ የሚወጋውን አዲሱን የማክሰሻ መርፌ የሚወስድም ይናገር።

ቀጠሮው በጠዋት የመጀመሪያው ሰዓት እንዲሆን ለምኑ። መለኪያውን አጠገባችሁ አድርጉ፣ ቶሎ ቶሎ ለኩ። ቢወርድ ያ የፖም ጭማቂ ይፈቀዳል። ሌላው፣ ስኳር የቆየበት ሰው አንጀቱ ቀርፋፋ ስለሚሆን ማጠቢያው በደንብ ላያጥበው ይችላል። የሆድ ድርቀት ካለ ቀድሞ መናገር ነው፣ አለበለዚያ "አልጠራም፣ ድገም" ይባላል፣ ያ ደግሞ የሌሊቱን ልፋት መድገም ነው። ምርመራውን ተኝታችሁ ታልፉታላችሁ። እኔ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ተገኝተው በዚያው ተቆረጡ። ካንሰር አልነበሩም፣ ቢቆዩ ግን ሊሆኑ ይችሉ ነበር አሉኝ።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁና ኢንሹራንስ ለሌላችሁ እህቶች ደግሞ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሴቶች የጡትና የማህፀን በር ምርመራ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያሠራ የመንግሥት ፕሮግራም አለ፣ በየስቴቱ የጤና ቢሮ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። ኡበር እየነዱ፣ ፓርኪንግ ላይ እየሠሩ "ወረቀት ሲስተካከል" እያሉ የሚያሳልፉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።


አቪቫ ከረሖቮት፦

እስራኤል አገር ያለነውም ጉዳዩ አለብን። ወላጆቻችን ከጎንደር ሲመጡ ስኳር የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረባቸውም። እዚህ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ነው ቤት ለቤት የገባው፣ ምግቡም አኗኗሩም ተለወጠ። ምርመራው እዚህ በቁፓት ሆሊም፣ በጤና መድን ድርጅቶቹ፣ በኩል ነው፤ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው የሰገራ ምርመራ በየዓመቱ፣ ለሴቶች ማሞግራም በየ2 ዓመቱ፣ ያለ ክፍያ። ነገር ግን ጥሪው በዕብራይስጥ በደብዳቤ ይመጣል። እናቴ የማታነበውን ደብዳቤ ሁሉ የምታስቀምጥበት መሳቢያ አላት። ከፍቼ ሳይ የማሞግራም ጥሪዎቹ ሳይከፈቱ እዚያ ነበሩ።

የሰገራው ዕቃ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። "ይህንን በእጄ ይዤ ለሰው ልስጥ?" አለች፣ ነውር ሆነባት። እኔም ልጇ ስለሆንኩ አፈረችብኝ። የተሳካው የእሷ እኩያ የሆነች ጎረቤታችን፣ አሠርታ የምታውቅ፣ መጥታ ቡና ላይ ቁጭ ብላ እንዴት እንደሚደረግ ስትነግራት ነው፦ በእንጨቷ ሰገራውን ነካ ማድረግ ብቻ ነው፣ ተዘግቶ ነው የሚሄደው፣ ማንም አያይም። በማግስቱ አደረገችው። ሳሮን፣ አንቺም እናትሽን ለማሳመን ብቻሽን አትልፊ። ተመርምራ የምታውቅ የሠፈር ሴት ፈልጊ። እዚህ ለቤተ እስራኤል ጤና የሚሠራው ተነ ብሪኡት የሚባለው ድርጅት ሰዎችም ስለ ስኳር በአማርኛ የሚያስተምሩት ሰው በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረው ስለማይሄድ ነው።


ሳሮን ከሳሪስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ኢንሱሊኑ ዶክተሩ ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ከዚያ መርፌዋን ተወጋች። ወንድሜ ከሐዋሳ፣ ያንተን ጥያቄ ሳነብላት "ይሄ ልጅ የኔን ነው የተናገረው" አለች፣ ስለዚህ የሲስተር መልስም ለእሷ ሆነ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ቀን አብሬያት እሄዳለሁ። ሲስተር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። እናቴ ስኳሯ ከፍ ሲል ማህፀኗ አካባቢ የማሳከክና ነጭ ፈሳሽ አላት፣ ለመናገር ታፍራለች። ይህ እያለ ምርመራው ይሠራል? እና የስኳር ክፍሉ ውስጥ ገብተን ምን ብለን ነው የምንጠይቀው? በዚያ ግርግር መሃል።


ሲስተር ከደሴ፦

ማሳከኩና ፈሳሹ ስኳር ሲጨምር የሚመጣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ በስኳር ታካሚዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን ታይቶ ነው የሚታወቀው፣ ከፋርማሲ በግምት መድኃኒት አትግዙ። ፈሳሹ ከበዛ መጀመሪያ ይታከሙና ምርመራው ከዚያ በኋላ ይሆናል። ሽታ ካለው ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ ሂዱ።

ስትገቡ ካርዱ እንደተከፈተ፣ መድኃኒት ሳይጻፍ፣ እንዲህ በሉ፦ "58 ዓመቷ ነው፣ አርጣለች፣ የማህፀን በር ምርመራ አድርጋ አታውቅም፣ እህቷ የጡት ካንሰር አለባት፣ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አላደረገችም።" በወረቀት ጻፊው፣ አጭር ይሁን፣ ለነርሷ ስጪያት። ወደ ልየታ ክፍልና ወደ ጡት ምርመራ የሪፈር ወረቀት በዚያው ይጻፍላችሁ። ለሄፓታይተሱ ሌላ ቀን አያስፈልግም፣ ለስኳሩ ደም ሲሰጡ አብሮ ይታዘዝ። የልየታ ክፍሉ ብዙ ቦታ ከሰዓት በኋላ ቀለል ይላል፣ ስለዚህ የስኳሩን ጨርሳችሁ፣ እናትሽ ምሳ በልተው፣ ከዚያ ሂዱ። ምሳቸውንና መድኃኒታቸውን ይዘሽ ውጪ፤ ሳይበሉ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ላይ ቆመው ስኳራቸው የወረደባቸው እናቶች ብዙ አይቻለሁ።